በማኅበር ሆኖ ተራራ ስለ መውጣት፤ ከሳንቃበር እስከ ግጭ የአንድ ቀን መንገድ

በማኅበር ሆኖ ሩቅ መንገድ መሄድ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡና ጭኖ ሲጓዝ፥ የቆሎ ተማሪም አኵፋዳውን አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር፥ ብቻውን የሚሄድ ጥቂት ነበር። በቀድሞ ዘመን ሰው ከባልንጀራው የማይለየው ሽፍታንና አውሬን ፈርቶ ነው። በሰሜን ተራሮች ላይ ግን ከሁለቱም ሌላ በዐይን የማይታይ ጠላት አለ፤ እርሱም የአየር መሳሳት ነው። መምህር ተማሮቹን ይዞ ወደዚያ ለመውጣት ቢያስብ፥ ወይም የአገር ሽማግሌ ልጆቹን ከመምህሩ ጋራ ለመስደድ ቢፈቅድ፥ አስቀድሞ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ሰሜን የተባለው ደጋ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ተራሮቹ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዐለት ክምር ናቸው፤ ቅርጻቸውን ያወጣው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሸረሸራቸው ውሃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ 4,543 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የብርዱም ዝና የቆየ ነው፤ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ከድንጋይ ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ፥ የሰሜን ሰዎች በረዶ በሞላበት ተራራ እንደሚኖሩ ይናገራል። አገሩ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰዎች ያሉበት ማኅበር በኅዳር ወር ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበር አድሯል እንበል። በደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ተቀብለዋል፤ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፥ የጭነት በቅሎዎችም ከነጫኞቻቸው አግኝተዋል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀዋል፤ ይህን ሳይጠይቅ የሰው ልጅ ይዞ የሚወጣ መምህር አስተዋይ አይባልም። ድንኳኑና ድስቱ በበቅሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ በጀርባው የሚይዘው ውሃ፥ በሶ ወይም ቆሎ፥ የዝናም ልብስና ጋቢ ነው። በቅሎ በሌላ መንገድ ልትሄድ ወይም ወደ ኋላ ልትቀር ትችላለችና፥ ጋቢውን በጭነቱ ላይ የተወ ሰው በብርድ ይቀጣል።

ጧት በ1 ሰዓት ተኩል፥ ሣሩ ገና ውርጭ ለብሶ ሳለ ይነሣሉ። የመሪው የመጀመሪያ ሥራ ሰልፉን ማስተካከል ነው። ብዙዎች ብርቱውን ከፊት ያስቀድማሉ፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ብርቱው ፈጥኖ ይሄድና ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ደካማው እያለከለከ በደረሰ ጊዜ ብርቱው ዐርፎ ይነሣል፤ እንዲህ ሲሆን ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል። ስለዚህ ደካማው ከመሪው ቀጥሎ ይሂድ፤ ከብርቱዎቹም አንዱ የሁሉ መጨረሻ ይሁን፥ ከእርሱም በኋላ ማንም አይቅር። እርምጃው እየተጨዋወቱ የሚሄዱበት ያህል ይሁን። የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ትንፋሹ የሚቆረጥበት ሰው ከዐቅሙ በላይ እየሄደ ነው።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ መንገዱ በአስታ ዛፎች መካከል የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል። ጭላዳዎች በሜዳው ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይታያሉ፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም፥ ሲመሽም ወርዶ በገደሉ ላይ ያድራል። ቀጥሎ የጅንባር ውሃ 500 ሜትር ያህል ሲወርድ ከማዶ ይታያል። በዚያ አፋፍ ላይ መምህሩ ከውሃው ይልቅ ልጆቹን ይመልከት፤ ለማየት የሚጋፋ አይታጣምና።

ከዚህ በኋላ ወንዙን ተሻግረው ወደ ግጭ ይወጣሉ፤ ግጭ 3,600 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን እንደዚያው ያንሳል። ውሃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ ቢጥዱ ቶሎ አይበስልም፥ በሶና ቆሎ የተመረጠው በከንቱ አይደለም።

በወንዙ ዳር ምሳ ሲበላ አንዱ ጐልማሳ እንጀራውን ትቶ ራሱን ይዞ ቢቀመጥ፥ የቀኑ ዋና ጕዳይ እዚህ ላይ ነው። ጐልማሳ ፈሪ እንዳይባል ሕመሙን ይሰውራል። የሰውነት ብርታትም ከዚህ ሕመም አያድንም፤ በደጋ ያደገ ቀጭን ልጅ ደኅና ሲሄድ፥ ከመተማ ቆላ የመጣ ጠንካራ ወጣት ሊታመም ይችላል። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ያሉበት ሰው እስኪሻለው ከዚያ በላይ አይውጣ። ሲራመድ የሚንገዳገድ፥ ንግግሩ የሚዛባ ወይም ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ ከሆነ ግን፥ ሌሊት ቢሆንም ሳይዘገይ ወደ ቆላ ይውረድ፤ ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለውም። ብቻውን ግን አይሰደድ። መንገድ የሚያውቅ ሰው ከበቅሎ ጋራ አብሮት ወደ ሳንቃበር ይመለስ፤ ቀን ሳለ ከወንዙ መመለስ ሌሊት ከግጭ ከመውረድ እጅግ ይቀላልና። የቀሩት ቢያጕረመርሙም መሪው አይስማቸው።

ዐቀበቱን የጨረሱት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጓሳና ጅብራ በሞላበት ሜዳ ላይ ይደርሳሉ። ቀድሞ በዚህ መንደር ነበረ፤ ሰዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ስለዚህ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ የሚገቡበት ደጃፍ የለም፤ ድንኳኑ ፀሓይ ሳትጠልቅ ይተከል፥ ላብ የነካው ልብስም ወዲያው ይለወጥ። ከእራት በኋላ መሪው ከድንኳን ድንኳን እየዞረ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ ራሱን ያመው እንደ ሆነ ይጠይቀው፥ የሚመልስበትንም ድምፅ ያድምጥ።

በማግስቱ 3,926 ሜትር ወዳለው ወደ እመት ጎጎ አፋፍ ወጥተው ለማደር ወደ ጨነቅ ይወርዳሉ። የጨነቅ ከፍታ ከግጭ ብዙም አይበልጥም። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ቀን የመኝታን ስፍራ ከ500 ሜትር አብልጦ ከፍ ማድረግ አይገባምና፥ የዚህ መንገድ ማደሪያዎች ለዚህ ሕግ የተመቹ ናቸው።