ሐይፋና የባሕር ዳርቻዎቿ፦ ከወላጆቻችን ጋር ያደረግነው የጥናት ጉዞ



በባህልና በቋንቋ ክፍላችን የተሰጠን የጥናት ሥራ «የምትኖሩበትን ከተማ ለእንግዳ አስጎብኙ» የሚል ነበር። እኛም ተመካክረን፣ እንግዳ ከሩቅ ከምንፈልግ ለምን እናንተን አንጋብዝም አልን። አብዛኞቻችሁ በሐይፋ 20 እና 30 ዓመት ኖራችኋል፤ ባሕሩን ግን የምታዩት በአውቶቡስ መስኮት ነው። አሸዋውን በእግሩ ረግጦ የማያውቅም አለ። ስለዚህ 11 ተማሪዎችና 9 ወላጆችና አያቶች ሆነን በግንቦት ወር አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከተማዋንና የባሕር ዳርቻዎቿን ጎበኘን። ጽሑፉን የጻፍነው ተራ በተራ ስለሆነ አማርኛው አንዳንድ ቦታ ቢንገዳገድ ይቅርታ እንጠይቃለን። አስተማሪያችን አርመውልናል፤ ሁሉንም ግን አላረሙም። ዓመተ ምሕረቱንም በአብዛኛው እዚህ አገር እንደሚቆጠረው ጽፈነዋል።

እናንተን የጋበዝንበት ሌላም ምክንያት ነበረን። እሱን ለመናገር ስለፈራን ወደ ኋላ አድርገነዋል።

ጉዞውን የጀመርነው ከላይ ነው። ሐይፋ ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥታ በቀርሜሎስ ተራራ ጎን ላይ የወጣች ከተማ ናት፤ ታች ወደቡ፣ መካከል ላይ ገበያውና ሀዳር፣ ከዚያ በላይ የቀርሜሎስ ሰፈሮች ይገኛሉ። ዳገቱን በእግር መውጣት ለአያቶቻችን ስለማይሆን ከፓሪስ አደባባይ ካርሜሊት የሚባለውን ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ተሳፈርን። ካርሜሊት በ1959 የተከፈተ ሲሆን ያሉት ጣቢያዎች 6 ብቻ ናቸው። መንገዱ ተዳፋት ስለሆነ የባቡሩ ውስጥ ራሱ ደረጃ በደረጃ ነው የተሠራው። አንዲት እናት «ይኼ ባቡር አይደለም፣ መሰላል ነው» ብለው አሳቁን።

ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወደቡ፣ መርከቦቹ፣ የባሕር ሰላጤው፣ ማዶ ደግሞ የአኮ ከተማ ሁሉ ይታያል። ከእግራችን በታች የባሃኢዎች የአትክልት ቦታ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል። በ2001 የተጠናቀቀው ይህ ቦታ 19 እርከኖች አሉት፤ በመካከሉ ያለው ባለ ወርቅማ ጉልላት ሕንፃ ግን ቀደም ብሎ በ1953 ነው ያለቀው። ከጎንደር ገጠር የመጡ አንድ አባት እርከኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «እኛም በዳገት ላይ እርከን እንሠራ ነበር፤ ግን ጤፍ ነው የምንዘራበት። እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ደክመው አበባ ዘሩበት?» አሉ።

እኚሁ አባት ወደቡን እያዩ «ጃንሆይም በዚህ በኩል ነው የገቡት» ሲሉን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላመንናቸውም። በኋላ ስናጣራ ግን ትክክል ሆነው አገኘናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሊይዝ በተቃረበ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለትም በ1936 ሜይ 8 ቀን ሐይፋ ደረሱ። ከሐይፋ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት በባቡር ነበር። ወደቡ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ እንግሊዞች የከፈቱት በ1933 ነው። እኛ በትምህርት ቤት ስለዚህ ወደብ ብዙ ተምረናል፤ ይህን ግን ማንም አልነገረንም ነበር።

ከተራራው ወርደን ወደ ኤልያስ ዋሻ ሄድን። ዋሻው በቀርሜሎስ እግር ሥር፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። እዚህ ላይ አስጎብኚዎቹ እናንተ ሆናችሁ፤ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ከበዓል ነቢያት ጋር የተከራከረውን፣ ከድርቁ በኋላም አገልጋዩ ወደ ባሕሩ ሰባት ጊዜ ተመልክቶ የሰው እጅ የምታህል ደመና ማየቱን ከኦሪቱ ተርካችሁልናል። እኛ ታሪኩን በዕብራይስጥ አንብበነዋል። ሆኖም ደመናዋ የወጣችበት ባሕር አሁን የቆምንበት መሆኑን ልብ ብለን አናውቅም ነበር።

ከዋሻው መንገዱን ተሻግሮ የስውር ስደተኞችና የባሕር ኃይል ሙዚየም አለ። «አፍ አል ፒ ኬን» የተባለች መርከብ እዚያ ቆማለች፤ ስሟ «እንዲያም ሆኖ» ማለት ነው። በ1947 ከ400 በላይ አይሁዶችን ጭና ስትመጣ እንግሊዞች ባሕር ላይ ያዟት። ከእርሷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወደ 4,500 የሚጠጋ ሰው የጫነችው «ኤክሶደስ» ሐይፋ ወደብ ድረስ መጥታ ሰዎቹ ወደ አውሮፓ ተመልሰዋል። ስለዚህ ሁሉ ስንሰማ የክፍላችን ልጅ የአንዷ አያት የመርከቧን ጠባብ ውስጥ አንድ ጊዜ አዩና ዝም ብለው ወጡ። ደክሟቸው ነው ብለን ውኃ ሰጠናቸው።

ለምሳ ባት ጋሊም ደረስን። ብዙዎቻችሁ ሰፈሩን የምታውቁት በራምባም ሆስፒታል ምክንያት ነው፤ ከእኛም ውስጥ 4 ልጆች የተወለድነው እዚያ ነው። ከሆስፒታሉ ጥቂት ሲራመዱ ግን የባሕር ዳር መናፈሻ መንገዱ ይጀምራል። ወጣቶች በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ፤ ወደ ተራራው የሚወጣው የገመድ መኪናም መነሻው እዚያው ነው። ምንጣፍ አንጥፈን እንጀራውንና ዳቦውን አወጣን፤ ቡና በፔርሙዝ መጥቶ ነበር። ከእኛ አንዱ እንደ አስጎብኚ ተነሥቶ «ባት ጋሊም ማለት የማዕበል ልጅ ማለት ነው» ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ ባሕር አይታችሁ ለማታውቁ ብሎም ስለ ማዕበል አብራራ።

ያን ጊዜ ከመርከቧ የወጡት አያታችን ንግግሩን አቋረጡት። «እኔን ነው ባሕር አታውቅም የምትለኝ? እኔ የመጣሁት በባሕር ነው» አሉ።

የነገሩንን እንደነገሩን ጽፈነዋል፤ «ከገዳሪፍ መጠለያ በሌሊት በጭነት መኪና አወጡን። ቀኑን በበረሃ ሸለቆ ውስጥ ደብቀው አዋሉን፤ ሲመሽ ደግሞ ሄድን። አትናገሩ፣ ልጅ አታስለቅሱ ተባልን። ከዚያ አሸዋ ላይ አወረዱን። ፊት ለፊታችን የሆነ ነገር ይጮኻል፤ እኔ ነፋስ መስሎኛል። ጥቁር የለበሱ ጎረምሶች ከውኃው ወጡ፤ እጃችንን ይዘው የጎማ ጀልባ ላይ አስቀመጡን። ልጄን በነጠላዬ ደረቴ ላይ አስሬዋለሁ። ውኃው መታንና አፌ ገባ፤ ጨው! የጣና ውኃ፣ የመገጭ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ጨው ሲሆን አይቼ አላውቅም። የተመረዘ መሰለኝና የልጄን አፍ በእጄ ከደንኩት። ትንፋሽ እንዳያጥረው ለቀቅ፣ ውኃው እንዳይገባበት ያዝ፤ ትልቁ መርከብ እስክንደርስ እንዲህ ሆኜ ነው የሄድኩት።»

ያ ሕፃን ዛሬ የክፍላችን ልጅ አባት ነው። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ይህን የሰማችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «ለምን አልነገሩንም?» ስትላቸው «ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ አትናገሩ ተብለን አልነበረም?» አሏት።

አስተማሪያችን የጎደለውን ሞሉልን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን፣ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ ነበር። ቀን የአውሮፓ ቱሪስቶች እየጠለቁ ዓሣ ያዩበታል፤ ሠራተኞቹ ግን በሌሊት ወገኖቻችንን ከመጠለያዎቹ ወደ ባሕሩ ያመጡ ነበር። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው ወደ መርከብ ያደርሷቸዋል። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ተኩስ ስለከፈቱ ከዚያ ወዲህ ሥራው በአብዛኛው ወደ ጭነት አውሮፕላን ዞረ። መርከቧም ስም ነበራት፤ ባት ጋሊም ትባል ነበር።

አስተማሪያችን ይህን ሲሉ ሁላችንም ወደ አያታችን ዞርን። እሳቸው «ስም አላት እንዴ?» ብቻ አሉ፤ ከዚያ ቡና እንዲቀዳላቸው ጠየቁ። ጊዜውን ስናሰላው የመጡት በዚያው በ1981 መጨረሻና በ1982 መጀመሪያ መካከል ባለው የብርድ ወራት ስለሆነ፣ መርከቧ እሷው ሳትሆን አትቀርም። አያታችን ከዚያ ሌሊት በኋላ፣ ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ የባሕር ውኃ ነክተው አያውቁም። ቤታቸው ግን ከዳርቻው በአውቶቡስ 10 ደቂቃ ነው።

አሁን የፈራነውን እንናገር። ወላጆቻችን ባሕር እንዳንሄድ ትከለክሉናላችሁ፤ እኛ ግን እንሄዳለን። ማጺል፣ ማለትም ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው፣ ባለበት ዳርቻ ብንሄድ የሚያውቀን ሰው አይቶ ይነግርብናል ብለን ጠባቂ የሌለበትን ቦታ እንመርጣለን። አብዛኞቻችን ደግሞ ዋና በደንብ አንችልም። ባለፈው ዓመት ከእኛ አንዱን ውኃው ከድንጋይ ግድቡ አጠገብ ወደ ጥልቁ ወሰደው፤ ባለ ሰሌዳ ጎረምሳ ደርሶ ነው ያወጣው። ቤቱ ሲገባ ልብሱ የረጠበው በትምህርት ቤቱ የአትክልት ቧንቧ እንደሆነ ተናገረ። ይህንን አሁን የምንጽፈው፣ ባት ጋሊም ላይ የአያታችንን ታሪክ ከሰማን በኋላ እዚያው ለእናቱ ራሱ ስለነገራት ነው። እናቱ ምን እንዳሉት አንጽፍም።

ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ ሆፍ ሃካርሜል ሄድን። ከጣቢያው ስትወርዱ የዳዶ ዳርቻ ወዲያው ፊት ለፊታችሁ ነው፤ አሸዋው ሰፊ፣ ወንበርና ጥላ ያለበት፣ ለትልልቅ ሰዎችም የሚመች ነው። እዚያ አንድ ማጺል ከማማው ላይ ወርዶ በዕብራይስጥ ሲያስረዳን እኛ በአማርኛ ተረጎምን። ማማው ላይ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ ውኃው የተረጋጋ ነው። ቀይ ከሆነ አደገኛ ስለሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ማጺሉ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ደግሞ ባሕሩ የቱንም ያህል ቢያምር አይገባበትም።

ጓደኛችንን የወሰደውም ምን እንደነበረ አስረዳን። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውኃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ከድንጋይ ግድቡ አጠገብ በጠባብ ቦታ እንደ ወንዝ ሆኖ ወደ ጥልቁ ይወጣል። ሰውን ወደ ታች አያሰምጥም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ሰው የሚሞተው በቀጥታ ወደ ዳር ልመለስ ብሎ ሲታገልና ሲደክም ነው። ስለዚህ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከጅረቱ መውጣት፣ ካልተቻለም መንሳፈፍና እጅ አንሥቶ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

ይህን ስንተረጉም ከወልቃይት የመጡት አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታከዜም እንዲሁ ነው። ሲሞላ ፊት ለፊት የታገለውን ይወስደዋል። እኛ ወደ ታች እየለቀቅን በሰያፍ ነበር የምንሻገረው» አሉ። ማጺሉ የተናገሩትን ተርጉመን ስንነግረው «ሰውዬው ዋና ያስተምራሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀን።

ከዳዶ በስተ ደቡብ ወዳለችው ዓትሊት መሄድ አስበን ነበር፤ እንግሊዞች ስውር ስደተኞችን ያሰሩበት ካምፕ እዚያ አለ። የባሕር ውኃ በፀሐይ ደርቆ ጨው የሚሆንባቸው ኩሬዎችም አሉ፤ አሞሌ ጨው ለምታስታውሱ ደስ የሚል ይመስለናል። ነገር ግን ጊዜ አልበቃንም፤ አያታችን ጫማቸውን አውልቀው ነበርና። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በአንድ ወገን ልጃቸው በሌላው ወገን የልጅ ልጃቸው ይዘዋቸው፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው እስኪደርስ ገቡ። ጣታቸውን አጥልቀው ቀመሱና «አዎ፣ ያው ነው» አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ወደ ቤት እንሂድ አላለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ 6 ልጆች ዋና ትምህርት ተመዝግበናል፤ ሁለት እናቶችም አብረውን ተመዝግበዋል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ወደ ዳዶ የምንሄደው ተናግረን ነው፤ የምንቀመጠውም ማማው ሥር ነው። አያታችን ሁልጊዜ መምጣት አይችሉም። ሆኖም ባሕር ዳር ስንደርስ ስልክ ይደውሉልናል፤ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁንም ባንዲራው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ነው።