ወይን የሚተክል ወለዱን ይቁጠር

በቆቦና በራያ ቆላ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው፣ ቢያተርፍም ቢከስርም በአራት ወር ገደማ ቁርጡን ያውቃል። ወይን ግን ሌላ ሂሳብ ነው።

ለዚህ ማስተማሪያ የሚሆነው የዝዋይ (ባቱ) ወይን እርሻ ነው። ያቋቋመው ካስቴል፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ዘጠኝ ወንድምና እህት በፈረንሳይ ቦርዶ የመሠረቱት የቤተሰብ ድርጅት ነው። የዝዋዩ ሥራ በ2007 ተጀምሮ፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉት ወይን ጠጆች ገበያ የወጡት በ2014 ነበር። መካከሉ 7 ዓመት ነው።

ለሂሳብ እንዲመች፣ አንድ ባለሀብት 1 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። ወለዱ በየዓመቱ ከዋናው ጋር ከተደመረ፣ በ7 ዓመት ዕዳው ወደ 2.66 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ካስቴል ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን በ1998 ገዝቶ ስለነበር፣ ወይኑ እስኪደርስ የሚሸጠው ቢራ ነበረው።

ከፍታም ዋጋ አለው። በየ100 ሜትሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ የፍሬውን ኮምጣጣነት ይጠብቃል። ዝዋይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ቆቦ 1,500 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ከሜዳው ይልቅ ወደ ተራራው ግርጌ ማየት ያሻል።

እንግዲህ በራያ ወይን የሚያስብ ባለሀብት፣ ሽንኩርቱንና ጤፉን ሳይለቅ በጥቂት ጥማድ፣ በተቻለ መጠንም በራሱ ገንዘብ ቢጀምር ይበጀዋል። ወይኑ ይታገሣል፤ ባንክ ግን አይታገሥም።