ስለ ራውተር ሁለት ቁልፎች አጭር ትምህርት

የቢቸናና የሞጣ ነጋዴ የጤፍ መጋዘኑን ሳይቆልፍ አያድርም፤ ገንዘብ የሚያስተላልፍበትን ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ከካርቶን እንደ ወጣ ይተወዋል።

ራውተር ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛውና የሚዘነጋው ወደ ማስተካከያው ገጽ የሚያስገባው ቃል ነው፤ የገጹ አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1፣ ከመሣሪያው ሥር ተጽፎ ይገኛል። የፋብሪካው ቃል «አድሚን» እንደ ሆነ ከቀረ፣ ዋይፋዩን የተፈቀደለት ደንበኛ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። የገባም ሰው ዲ ኤን ኤስ የተባለውን የአድራሻ መሪ ለውጦ፣ ባንኩን የሚፈልገውን ነጋዴ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይቻለዋል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው የፋብሪካ ቃሎችን እየሞከረ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ቃሎች ከለወጡ በኋላ የምስጢር መጠበቂያውን ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ማድረግ፣ ደብልዩ ፒ ኤስንና ከሩቅ የማስተዳደሪያውን መንገድ መዝጋት ያስፈልጋል። ደብልዩ ኢ ፒ የሚባለው አሮጌው ስልት በደቂቃዎች ስለሚሰበር ከቶ አይመረጥም። ለደንበኞች የእንግዳ ዋይፋይ ለይቶ መክፈት የሒሳቡን ኮምፒውተር ከእነርሱ ያርቃል። የሒሳብ ሠራተኛም ከሥራ ሲለቅ ሁለቱም ቃሎች በዚያው ቀን ይለወጣሉ።