ለድብርት የሚሰጠው የማግኔት ሕክምና ጉዳት አለው?

«ዶክተር፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ የድብርት መድኃኒት አልሠራ ብሏት ጭንቅላቷ ላይ ማግኔት ሊያደርጉላት ነው። አእምሮዋን አይጎዳትም?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል።

ሕክምናው ቲኤምኤስ ይባላል። የአሜሪካው ኤፍዲኤ በመድኃኒት ላልተሻለ ድብርት የፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሰመመን የለውም፤ እህትሽ ነቅታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትወስደዋለች። ሲያልቅ ራሷ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ4-6 ሳምንት ይሰጣል።

የተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶች፦
👉 ራስ ምታት
👉 ማግኔቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሕመም
👉 በሕክምናው ሰዓት የፊት ጡንቻ መርገብገብ

እነዚህ ብዙውን ጊዜ ቀላል ናቸው፤ እየቆዩም ይቀንሳሉ። ማሽኑ ስለሚጮህ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ግድ ነው።

ዋናው ስጋት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ የሚያጋጥመው ከ1,000 ታካሚዎች ከ1 ባነሰ ሰው ላይ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የለመዱትን መጠጥ በድንገት ማቆምና አንዳንድ መድኃኒቶች ግን ዕድሉን ይጨምራሉ።

ስለዚህ ከመጀመሯ በፊት እነዚህን ለሐኪሟ ትንገር፦
✅ የሚጥል በሽታ ኖሯት ከሆነ
✅ ጭንቅላቷ ውስጥ ብረት፣ ጆሮዋ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካላት (የጥርስ ሙሌት ችግር የለውም)
✅ የምትወስደውን መድኃኒትና የምትጠጣውን መጠን
✅ ከልክ ያለፈ የደስታና የመፍጠን ስሜት አጋጥሟት የሚያውቅ ከሆነ

የሚጥል በሽታን «ሰው ምን ይለኛል» ብለን የምንደብቅ ብዙ ነን። ከጎረቤት ብትደብቁት ይገባኛል፤ ከሐኪም ግን አትደብቁ። የሕክምናው ደህንነት የሚጀምረው እዚያ ነው።

መድኃኒቷንም በራሷ ፈቃድ እንዳታቆም ንገሪያት።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። ጤና ይስጥልን!