ለየቲሙ ደብተር፣ ለመምህሩም ሥልጠና

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የቲምን መደገፍ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ቀለቡን፣ ልብሱንና ደብተሩን ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ደብተር የያዘው ልጅ ክፍል ገብቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚወጣ ከሆነ ድጋፋችን ከመንገድ ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው መምህሩን ነው፤ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽን፣ ዜማንና ትረካን ከሒሳብና ከቋንቋ ጋር አዋህዶ እንዲያስተምር ማሠልጠንን።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አራት ማዕዘን አሠመሩ፤ ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚያልፍ መስመርና ከጎኑ ትናንሽ መስመሮችን አከሉ። በዚህም ሰውን፣ ዙሪያውን የከበበውን አጀሉን፣ ከአጀሉ አልፎ የሚሄደውን ምኞቱንና የሚያጋጥሙትን መከራዎች ለባልደረቦቻቸው አስረዱ። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለእርሳቸው ያለውን ቅርበትም በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተዋል። በሀገራችንም እንደ ሼኽ ጦልሓ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፉ ዲንን በግጥም አስተምረዋል።

ጠመንጃ ያዥ ከምናስጠናቸው ልጆች መካከል አባቱን በሞት ያጣ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ለወራት ስንጠይቀው አንገቱን ከመድፋት በቀር መልስ አልሰጠንም። እኛም ‹‹ሰነፍ ነው›› ብለን ደምድመን ነበር፤ አላህ ይማረን። አንድ ቀን ክፍልፋይን ለማስተማር ለእያንዳንዱ ልጅ 24 እኩል ሳጥኖች የተሠመሩበት ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ አደልን። ‹‹አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱንና አንድ ወንድ ልጁን ትቶ ሞተ›› አልን። በፈራኢድ ሕግ ልጅ ሲኖር የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነውና 3 ሳጥን፣ የእናት አንድ ስድስተኛ ነውና 4 ሳጥን ተቀባ። 17 ሳጥን ቀረ። ያ ልጅ ቀና አለና ‹‹ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ የልጁ ነው?›› ሲል ጠየቀ። ‹‹አዎን፣ የልጁ ነው። እስኪበስል ድረስ በአሳዳጊው እጅ ያለ አደራ ነው›› አልነው። አሥራ ሰባቱንም ሳጥኖች በአረንጓዴ ሞላቸው።

በዚያ ቀን ተደሰትን። ቆይተን ስናስበው ግን ስሕተት እንደነበረብን ተገነዘብን። አባት በሞተበት ልጅ ፊት ከሞት ከመጀመር አምባሻ ቆርሶ መጀመር ይገባ ነበር። አላህ ባያግዘን ኖሮ ቁስሉን በነካካን ነበር። በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃምና ሥልጠና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው ሥርዓተ ትምህርት ‹‹የክወናና የእይታ ጥበባት›› ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። እኛ የምንለው ከዚህ ይለያል፤ የሒሳቡም የቋንቋውም መምህር ጥበብን መሣሪያው ያድርግ ነው። ሥልጠናው አራት ነገሮችን ሊያስጨብጠው ይገባል፦

አንደኛ፣ መምህሩ አስቀድሞ የትምህርቱን ዓላማ ይወስን፤ ሥዕሉ ለዓላማው ይመረጥ።
ሁለተኛ፣ ለልጆቹ የሚሰጠውን ሥራ መጀመሪያ በራሱ እጅ ይሞክረው።
ሦስተኛ፣ በሥራው ማማር ነጥብ አይስጥ፤ ‹‹ምን ሠራህ? ለምን?›› ብሎ ይጠይቅ።
አራተኛ፣ የቲሙን አባቱን እንዲሥል ወይም ሐዘኑን እንዲተርክ አያስገድደው፤ የሣለውንም ለለጋሾች ማሳያ አያድርገው።

አንዳንድ ወላጆች ‹‹ሥዕል ሐራም አይደለምን?›› ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነፍስ ያላቸውን ፍጥረታት በመሣልና በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ዑለማዎች የተናገሩት ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ግን ዕፅዋት፣ ካርታ፣ ልዩ ልዩ ቅርጾች፣ የፊደል ጽሕፈትና መሣሪያ የሌለው ነሺዳ ይበቃሉ። በቁርአን ቤት ያደግን ሁሉ በሉሕ ላይ የጻፍነውንና በኅብረት የቀራንበትን ድምፅ አንረሳም።

ውድ ለጋሾች! ከሰል፣ ጭቃና አሮጌ ካርቶን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ወጪው በአብዛኛው የመምህሩ ጊዜና ትራንስፖርት ነው። ለደብተር ከምትሰጡት ላይ ጥቂት ለመምህሩ ሥልጠና ጨምሩ። አንድ የሠለጠነ መምህር በየዓመቱ አንገታቸውን የደፉ ልጆችን ቀና ያደርጋልና።

አላህ የየቲሞችን አደራ ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።