የወፍጮ ሞተር ጉልበት ሲያጣ

ባለሞተር ወፍጮ ያለበት መንደር ሞተሩ የቆመ ዕለት ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። እህሉ እንደመጣ ተጭኖ ይመለሳል። እናቶችም ወደ ድንጋዩና ወደ መጁ ይመለሳሉ። ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ድንገት አይቆምም፤ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። በዚህ ትምህርት ቫልቭ የሚባለው የሞተር ክፍል ሲበላሽ የሚያሳየውን ምልክትና መፍትሔውን እንማራለን።

1. ቫልቭ ምንድን ነው?

የአንጥረኛውን ወናፍ አስቡ። አንጥረኛው ወናፉን ሲያነሳ አፉን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ ሲጫነው አፉን ይዘጋል። አፉ በደንብ ካልተዘጋ አየሩ ይሾልካል፤ ፍሙም አይቀጣጠልም። የሞተርም ነገር እንደዚሁ ነው። ሲሊንደር በሚባለው ክፍል ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል። ከላይ ሁለት መዝጊያዎች አሉ። አንዱ አየር ያስገባል፤ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ቫልቭ የምንላቸው እነዚህን ነው። ሮከር የሚባለው ብረት ሲጫናቸው ይከፈታሉ፤ ሲለቃቸው ሞላው ይዘጋቸዋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን መኪና በካንዴላ አይቀጣጠልም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቫልቩ ካልገጠመ እመቃ የለም፤ እመቃ ከሌለም እሳት የለም።

ሥራው ቀላል አይምሰላችሁ። የእንግሊዝ አገር ሥሪት የሆነው ባለ 6 የፈረስ ጉልበት አሮጌው ሊስተር ሲኤስ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ቫልቭ በ2 ዙር 1 ጊዜ ይከፈታል። ይህም በደቂቃ 325 ጊዜ፣ በሰዓት 19,500 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሠራ ብረት እንዴት አይበላም?

2. ምልክቶቹ

በሮከሩና በቫልቩ አናት መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ብረት ሲግል ይረዝማልና ክፍተት ከሌለ ቫልቩ ሳይገጥም ይቀራል።

ሀ. ክፍተቱ ሲሰፋ፦ ከሞተሩ አናት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ለ. ክፍተቱ ሲጠፋ፦ ድምፅ የለም። ነገር ግን ሞተሩ አልነሳም ይላል፤ ከተነሳም ጉልበት ያንሰዋል። የጋለው ጭስ በሾለከበት በኩል የቫልቩን ጠርዝ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንዳንድ ሰው ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል። «ጸጥ አለ፤ ተስተካከለ» ይላል። አልተስተካከለም እኮ! የሚጮኸው ቫልቭ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ዝም ያለው ግን ይቃጠላል።

3. ምርመራ

ሞተሩ ይቁም፤ ይቀዝቅዝ። ናፍጣውን ዝጉ። ቺንጋውን አውልቁ። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው አይጠጋ፤ ልጆችም ይራቁ። ቫልቭ ከፍቶ የሚይዝ ማንሻ ካለ ወደ ቦታው መልሱት።

ከዚያ ከባዱን ጎማ በዝግታ በእጅ አዙሩት። ጤነኛ ሞተር እንደ እምቢተኛ በሬ ይገትራል፤ ሲለቁትም ወደ ኋላ ይመልሳል። ያለ ችግር ካለፈ አየር ይሾልካል ማለት ነው። ወዴት? ጆሮ ሰጥታችሁ አዳምጡ።

- በአየር መግቢያው በኩል እስ የሚል ከሆነ፣ የአየሩ ቫልቭ ነው።
- በጭስ ማውጫው በኩል ከሆነ፣ የጭሱ ቫልቭ ነው።
- በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ፣ ችግሩ የፒስተኑ ቀለበት ነው። ቫልቭ በመነካካት አይድንም።

4. ማስተካከል

ጎማውን ወደሚሠራበት አቅጣጫ አዙሩ። የአየሩ ቫልቭ ተከፍቶ ሲዘጋ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሩ። አሁን ፒስተኑ ላይ ደርሷል፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል። ስሱን የብረት መለኪያ በሮከሩና በቫልቩ መካከል አስገቡ። ልኩ በሞተሩ መጽሐፍ ተጽፏል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ተራ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ገምቱ። በግምት ግን አትሥሩ።

ዳዶውን በቁልፍ አላሉ። ብሎኑን በካቻቢቴ አዙሩ። መለኪያው ትንሽ ያዝ እያደረገ ሲያልፍ ልክ ነው። ብሎኑን እንደያዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ፤ ሲጠብቅ ልኩ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና ለኩ።

ልኩ ተስተካክሎ አየሩ አሁንም ከሾለከ ቫልቩ ተበልቷል። ቴስታታው ወርዶ ቫልቩ መሞረድ ወይም መለወጥ አለበት። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። እናንተ ግን የትኛው ቫልቭ እንደታመመ ለይታችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ያልተበላሸውንም ዕቃ አትገዙም።

አሮጌ መኪናም በዚሁ ዘዴ ይመረመራል። ባለ 4 ሲሊንደር ከሆነ እያንዳንዱን በየተራው ማየት ነው።

ጥያቄዎች

1. የወናፍ አፍና ቫልቭ በምን ይመሳሰላሉ?
2. ጸጥ ያለው ቫልቭ ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
3. ሊስተሩ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ አንዱ ቫልቭ ስንት ጊዜ ይከፈታል? አስሉ።
4. በመንደራችሁ ያለውን ሞተር መጽሐፍ ማን ይዞታል? የቫልቩን ልክ ፈልጋችሁ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት።