ስማቸውን ጥሩላቸው

«አባታችን ካረፈ አራት ወር ሆነው። እናቴ ከእሱ ጋር 46 ዓመት ኖራ አሁን ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት። ዛሬም ቡና ስታፈላ አቦሉን መጀመሪያ የምትቀዳው ለእሱ ነው፤ ስኒውን እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ታኖረዋለች። ጋቢው እንዳይታጠብ ብላ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። እንዳትረበሽ ስሙን ስታነሳ ወሬ እንቀይርባታለን። እኔ ሥራ ስለሚበዛብኝ ስሄድም ቡናው ሳይፈላ እመለሳለሁ። ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ትምጣ ወይስ ሐኪም እናሳያት?»
ግራ የገባኝ ልጅ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤሽ ውስጥ አባት የሞተበት ሰው ስላጣሁ ነው። ስለ እናትሽ ሐዘን ጽፈሻል፤ ስለ አንቺ ሐዘን ግን አንድ ቃል የለም።

ስለ ቤቱ ጠይቀሽኛል፤ እኔን የያዘኝ ግን «ስሙን ስታነሳ ወሬ እንቀይርባታለን» ያልሽው ነው። እንዳይረበሹ ነው ብለሻል። የሚረበሸው ማን ነው? እናትሽ ስማቸውን ይጠራሉ፣ ቡናቸውን ይቀዳሉ፣ ጋቢያቸውን ይዘው ይተኛሉ። ቡናው ሳይፈላ ተነስታ የምትወጣው አንቺ ነሽ።

ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። የመጣው ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሐዘንተኛዋም ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምራ ትናገራለች። የሳል መድኃኒቱን፣ የመጨረሻዋን ሌሊት፣ ያሉትን ቃል። በቀን አሥር ጊዜ ትናገረዋለች፤ ሲደጋገም ነው የሚቀልላት። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱም ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም እየጠራ ይጸልያል። አባቶቻችን ሐዘንን በቀን የከፋፈሉት ስሙ ባንዴ ከቤት እንዳይወጣ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ግን ያ ሁሉ ጆሮ አብሮ ይሄዳል። ለእናትሽ የቀረው ጆሮ የልጆቻቸው ነበር፤ እሱንም ዘጋችሁባቸው።

የምቆጣው ስለማውቀው ነው። አባቴ በሞተ በወሩ እናቴን «በቃሽ እማዬ፣ ራስሽን አትጉጂ» አልኳት። ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ስሙን እኔ ፊት አንስታ አታውቅም። እኔም በረታችልኝ ብዬ እኮራ ነበር። በእሷ ለቅሶ ላይ ጎረቤቷ አጠገቤ ተቀምጣ «ስለ አባትሽ ሳታወራልኝ የዋለችበት ቀን አልነበረም» አለችኝ። ወላጆቼ እንዴት እንደተጋቡ የሰማሁት ያን ዕለት ከጎረቤት አፍ ነው። እናቴ ሐዘኗን የደበቀችው ከእኔ ነበር፤ ለእኔ ብላ። እንዳትከፋብኝ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖረች።

ስለጠየቅሽኝ፦ ሙት ዓመቱ ሳያልፍ ቤቱን አትሽጡ፣ የእናትሽ እድርም ማኅበርም እዚያ ነው፤ ምግብና እንቅልፍ እንቢ ካላቸው፣ መኖር ካስጠላቸው ወይም ከመንፈቁ በኋላም ሐዘኑ አላስነሳ ካላቸው ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። አቦል መቅዳት ግን በሽታ አይደለም።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሂጂ። ከሰሉ ሲያያዝ ጀምረሽ እስከ በረካው ቁጭ በይ። አቦሉን ለአባትሽ ሲቀዱላቸው ዓይንሽን አታሽሺ። ከዚያ «እማዬ፣ አባዬን መጀመሪያ የት አየሽው?» በያቸው። እንባሽ ከመጣም ይምጣ፣ ወደ ጓዳ አትሩጪ። እናትሽ ለብቻቸው ያለቀሱት አራት ወር ይበቃቸዋል።